የሳሎኑ ሟች

የካቲት 3

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን እዚህ ላስቀምጠው። በድራማው ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ጥጉ ላይ ጥቁር ሪባን ታስሮበት የተሰቀለው ፎቶ... የእማማ ሟች ባል ተብሎ ሃያ አምስት ዓመት የተለቀሰለት ሰውዬ... የኔ ባል ነው። ፎቶውን ስሰጣቸው ደግሞ በሕይወት ነበር።

ይኸው። ጻፍኩት። እጄም አልደረቀም።

ቀኑ እንደማንኛውም ቀን ነበር የጀመረው። ስቱዲዮ ገባሁ፣ ሳሎኑን ከፈትኩ። ከፈትኩ እላለሁ እንጂ ምን በር አለው፤ ሦስት ግድግዳ ነው፣ አራተኛው ካሜራ ነው። ባለፈው ቀረጻ ያነሳነውን ፎቶ ይዤ ዕቃውን እያስተያየሁ ዞርኩ። ትራሱ በግራ። ጋዜጣው የታጠፈ። የእማማ መነጽር የተከፈተ። ሥራዬ ይሄ ነው፤ ትናንት የነበረው ዛሬም እዚያው እንዲገኝ ማድረግ።

ከጣቢያው አንዲት ጠያቂ ልጅ መጣች። ለድራማው ሃያ አምስተኛ ዓመት ልዩ ዝግጅት ልትሠራ ነው።

"ማዘር፣ ሕዝብ የማያውቀውን ይንገሩኝ" ብላ ስልኳን አፌ ሥር ደቀነችው።

ነገርኳት። ውስኪው ሻይ ነው። ዝናቡ የአትክልት ጎማ ነው። ደረጃው ስድስት እርከን ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ ጣውላ ነው፤ "ፎቅ ወጣ" የተባለ ሰው ሁሉ ከጣውላው ጀርባ ጎንበስ ብሎ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። የበኩር ልጅየው አንድ ቀን "ሻንጣዬን ላምጣ" ብሎ ወጣ። በዚያው ሳምንት ተዋናዩ ከአዘጋጁ ጋር ተጣልቶ ሥራውን ለቀቀ። አሥራ አራት ዓመት ሆነው፣ እስካሁን አልወረደም።

"እናቱስ አልጠየቀችም?"

"እማማ አንዴ ጠይቃ ነበር። ከጽሑፉ ላይ ሰረዙባት።"

ልጅቷ በሳቅ ሞተች። እኔንም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ለወትሮው ማን ይጠይቀኛል? የልጅ ልጅየዋን ሦስት ሕፃናት እንደሠሯት፣ አንደኛው ወንድ እንደነበረ ልነግራት ስል ቀና አለች።

"እሺ፣ ግድግዳው ላይ ያሉትስ? እኚህ ማን ናቸው?"

ፊቴን ወደ ትራሱ አዞርኩ። አናጢያችን ከኋላዬ መለሰላት።

"የሷ አጎት ናቸው። የምር የሞቱ ናቸው፣ ተዋናይ እንዳይመስሉሽ።"

"እንዴ! የምር ሟች!" አለች። ጻፈችው። ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት።

የካቲት 5

እትዬ ዛሬ ደስ ብሏት ዋለች።

የባሌ ታላቅ እህት ናት። ዓይኗን ሞራ ከጋረዳት ወዲህ ከገጠር መጥታ እኔ ጋ ነው የምትኖረው፤ ስምንት ዓመት አለፈን። ብርሃንና ጥላ ትለያለች እንጂ ፊት አትለይም። እኔ ስልሳ ልደፍን ነው፣ እሷ ግን እስካሁን "ሙሽሪት" ነው የምትለኝ። ማታ ድራማው ሲጀምር እሷ ትሰማለች፣ እኔ አያለሁ።

"ማን ገባ?"

"ታናሽየዋ።"

"ምን ለብሳለች?"

"ቀይ።"

"በቃ፣ የሰው ባል ልትቀማ ነው።"

ሁሉን ትጠይቀኛለች። መጋረጃውን፣ ሶፋውን፣ የእማማን ጫማ። ሁሉን እነግራታለሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ብቻ ዘልዬ።

የመጣች ዕለት ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ "ያ እኔና ወንድሜ የተነሳነው ፎቶ የት ነው የተሰቀለው?" አለችኝ። ሌላ የሱ ፎቶ የለኝም ነበር። ያው አንዱ ነው፣ እሱም ድራማ ላይ ነው። ምን ልበል? "እዚያ ጋ" አልኳት። በማግስቱ ከመንገድ ዳር ባለ ፍሬም ሥዕል ገዛሁ። የመርከብ ሥዕል ነው። ሰቀልኩት። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት በእጇ ፈልጋ ፍሬሙን ትዳስስና "ደህና አደርክ ወይ ወንድምዓለም" ትለዋለች።

መርከቡን።

ዛሬ ከዓይን ሐኪም ቤት ተደወለ። ተራዋ ደርሷል። የካቲት 26።

"ሙሽሪት፣ ዓይኔ ሲገለጥ መጀመሪያ ማንን እንደማይ ታውቂያለሽ? አንቺን እንዳይመስልሽ!"

ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

የካቲት 8

ሐኪም ቤት ደውዬ ቀጠሮው ይራዘም እንደሆነ ጠየቅኩ። "ሰው ሁሉ ይቅደምልኝ ነው የሚለው" አለችኝ ልጅቷ ተገርማ። ዘጋሁት። የሰው ዓይን እንዳይበራ ስልክ የሚደውል... ነውር።

የካቲት 11

አዘጋጁን አናገርኩት። ያኔ ድራማው ሲጀመር ገመድ ጎታች ነበር፤ ዛሬ ሁላችንንም ይጎትታል። "እናትዓለም" ነው የሚለኝ።

"ያ ፎቶ ቢነሳስ?" አልኩት።

"የቱ?"

"የሟቹ።"

"አባትየው? እናትዓለም፣ ደህና ነሽ? ኩባያዋ የተሰበረች ጊዜ የሆንነውን ረሳሽው?"

እንዴት ልርሳው። የእማማ ሰማያዊ ኩባያ ተሰብራ አረንጓዴ ያስቀመጥን ዕለት የጣቢያው ስልክ ሲጮህ ዋለ። አንዲት ሴትዮ "ልጇ ሊመርዛት ነው፣ ኩባያውን ቀይሮባታል፣ ንገሯት!" እያለች ታለቅስ ነበር አሉ።

"ለአንድ ሳምንት ብቻ" አልኩ።

"ሟች ለአንድ ሳምንት የት ይሄዳል? ለእረፍት?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እማማ ብቻ አልሳቀችም። ከሶፋው ላይ ሆና አየችኝ። ከኋላዋ ባሌ አለ። ሁለቱም ያዩኛል።

ነገሩ እንዴት እንደነበረ ልጻፈው። ካልጻፍኩት ደረቴ ላይ ነው የሚያድር።

ያኔ ጽዳት ነበርኩ፣ ገና አዲስ። ለሟቹ ፎቶ እንዲሆን የተቀጠረ ሰውዬ ነበር። ጥቁሩን ሪባን ሲያይ "በቁሜ ሙት አልባልም፣ ሟርት ነው!" ብሎ ኮቱን አንስቶ ወጣ። ካሜራማኑን ለመኑት፤ "ልጆች አሉኝ" አለ። ሹፌሩን ለመኑት፤ "እኔ መሪ ይዤ ነው የምውለው፣ አታሟርቱብኝ" አለ። የፊተኛው አዘጋጅ ይጮሃል። "አንድ የሞተ ዘመድ ያለው ሰው እዚህ ቤት የለም?" መብራቱ ይነድዳል፣ ቀኑ ይሄዳል። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ጥግ ቆሜያለሁ። ቤታችን ከስቱዲዮው አጥር ጀርባ ነበር።

"እኔ አለኝ" አልኩ። ከየት መጣ ያ ድምፅ?

"ማንሽ ነው?"

"አጎቴ።"

"ሞቷል?"

"ሞቷል" አልኩ።

ሮጬ ሄጄ ከግድግዳ አወረድኩት። ሁለቱ ናቸው ፎቶው ላይ፣ እሱ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ፣ እትዬ ክንዱን ይዛ። ለፍሬሙ ሰፋ። እሷን ወደ ኋላ አጠፍኳት።

ሟቹ ወጣት ሆኖ ሲገኝ ጽሑፉን እዚያው ቀየሩት። ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቃት የእማማ ንግግር፣ "በወጣትነቱ የተቀጠፈብኝ" የምትለው፣ ከዚያ የመጣች ናት። ጠያቂዋ ብታውቅ ስንቴ ባሰመረችበት።

በማግስቱ መጥረጊያውን ተቀብለው ዕቃ ቤቱን ሰጡኝ። እስከ ዛሬ የምበላው እንጀራ የዚያ ቀን ነው። "ሞቷል" ባልኩበት ሰዓት እሱ አውቶቡስ እየነዳ ነበር። ምናልባት በዚያው በአጥሩ በኩል አልፎ ይሆናል...

የካቲት 14

ባሌ ድራማውን ያየው ጎረቤት ቤት ነው። እኛ ቴሌቪዥን አልነበረንም። በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባ፣ ሊያወራ ሲል ሳቁ እየቀደመው።

"አንቺ! ገደልሽኝ እኮ!"

ቃሉን ስጽፈው እንኳ ይጎረብጠኛል።

"ገደልሽኝ! ሴትዮዋ እንዴት እንዳለቀሰችልኝ ብታዪ! አንቺስ እንዲህ ታለቅሺልኛለሽ?"

ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይሸፍን ነበር። አንድ የፊት ጥርሱ የለም፣ ያፍርበታል። አልተቆጣም። አንድም ቀን አልተቆጣም። እንዲያውም አውቶቡሱ ላይ ለተሳፋሪ ያወራ ነበር አሉ፤ "ሙት ነው የሚነዳችሁ፣ ሒሳብ ያዙ!"

ዓመት ሳይሞላ ኩላሊቱ ከዳው። በወጣትነቱ ተቀጠፈ።

በለቅሶው ላይ እትዬ ደረቷን እየመታች "ማነው ያሟረተብህ? ማነው በቁምህ የጠራህ?" ትል ነበር። ለቀስተኛ ሁሉ የሚለው ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬን ዓይኗን አይቼ አውርቼ አላውቅም። ዓይኗ ሲጠፋ... እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀለል ብሎኝ ነበር።

በሽታ ነው የገደለው። አውቃለሁ። ስለ ኩላሊት ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፣ የትኛውም መጽሐፍ "የሚስት አፍ" አይልም። ታዲያ ለምን አይለቀኝም?

የካቲት 17

ፎቶ ቤቱን ፍለጋ ሄድኩ። ኮፒ ወይም የድሮውን ፊልም ቢያስቀሩት ብዬ። ስልክ መሸጫ ሆኗል። ልጁ "እናት፣ ፊልም ምንድነው?" አለኝ።

የመንጃ ፈቃዱን ከሣጥን ሥር አወጣሁት። ማኅተሙ ፊቱ ላይ ነው ያረፈው። ግንባርና አንድ ጆሮ ቀርቶታል። በጆሮ ወንድም ይታወቃል?

ከሰዓት ለእትዬ መጽሐፍ አነበብኩላት። እንደ ሁልጊዜው "ማን አስተማረሽ በይ?" አለችኝ፣ ታሪኩን ስለምትወደው። ማንም። ስቱዲዮው ነው። ተዋናዮቹ ሲያጠኑ እየሰማሁ፣ ከቅርጫት የለቀምኩትን ወረቀት እያየሁ፣ የሰማሁትን ካየሁት ጋር እያገጣጠምኩ። መጀመሪያ ለይቼ ያነበብኳት ቃል "ውጣ!" ናት። ድራማው ውስጥ በየገጹ ሰው ይባረራል።

"እኔማ ዓይኔም እያለ ዕውር ነበርኩ" አለች እትዬ። ፊደል አልቆጠረችም።

ከዚያ ተነስታ ወደ ግድግዳው ሄደች። "ወንድምዓለም፣ ዘጠኝ ቀን ቀረን።"

የካቲት 21

ጠያቂዋ እየሮጠች ዕቃ ቤቴ ገባች።

"ማዘር! የመጀመሪያው ክፍል ካሴት ተገኘ! ጠፍቷል ሲሉ አልነበር? የማስታወቂያ ካሴቶች ሥር ተቀብሮ! መጋቢት 2 ከነሙሉው እናሳየዋለን። አጎትዎ ደግሞ እንዴት ጥርት ብለው እንደሚታዩ!"

ተቀመጥኩ። ሣጥን ላይ ነው የተቀመጥኩት፣ የውሸት ጠርሙሶቹ ተንጫጩ።

"አጎቴን ተይልኝ" አልኳት።

"ለምን? ከሁሉ የሚያምረው እኮ እሱ ነው! ስማቸውን ብቻ ይንገሩኝ።"

"ስም የለውም።"

"ሰው ስም የለውም እንዴ?"

"ልጄ፣ ሙት አይነካም።"

አፈረች። ጉንጬን ስማኝ ሄደች። ግን ከዝግጅቱ እንደማታወጣው አውቃለሁ። ሥራዋ ነው። እኔም ለሥራዬ ብዬ ነው ያኔ...

እትዬ የምታይ ሆና፣ መጋቢት 2፣ ቴሌቪዥኑ ፊት። ወንድሟ የሞተበትን ዓመት በቃሏ ታውቀዋለች። ድራማው መቼ እንደጀመረ ልጅቷ ትነግራታለች። መደመር የሚያቅታት ሴት አይደለችም።

የካቲት 25

ወሰድኩት።

ከቀረጻ በኋላ ሰው ምሳ ሲወጣ። መሰላል፣ ጨርቅ፣ ዘንቢል። በምትኩ የቤቴን መርከብ ሰቀልኩበት። ጥቁሩን ሪባን ጥጉ ላይ አሰርኩለት። ወርጄ ሳየው ሳቄ መጣ። ነገ ቀረጻ የለም። ከነገ ወዲያም። እትዬ አንድ ጊዜ ትየው፣ እመልሰዋለሁ። ይሄ ነበር ሐሳቤ።

ቤት ገብቼ መስታወቱን በሞቀ ውኃ አጠብኩት። መብራት እንዳያንጸባርቅ መስታወቱን ሳሙና እንቀባዋለን፤ በየቀረጻው፣ በእጄ፣ ፊቱን ሳላይ። ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ እንዲህ ነው። ጭጋግ ሆኖ ስለሚታይ "ሳሙናው ነው" እል ነበር።

ሳሙናው አልነበረም።

መስታወቱ ጠርቷል። ባሌ ግን የለም። ሸሚዝ አለ፣ የአንገት ጥላ አለ። ከዚያ በላይ ነጭ ነው። ሃያ አምስት ዓመት የስቱዲዮ መብራት ሲመታው... መጠጠው። ቅንድቡ ያለ ይመስለኛል፤ ወይም እኔ ነኝ ከልቤ የምጨምረው።

ገልብጬ የታጠፈውን ዘረጋሁት። እትዬ! ትናንት የታጠበች ትመስላለች። ቀሚሷ ቢጫ፣ ጥርሷ ሙሉ፣ ክንዱን ጨብጣ። ከኋላ ታጥፋ፣ መብራት ሳይነካት። የያዘችው ክንድ እስከ ክርኑ አለ። ከዚያ ወዲያ ጉም።

ምን አደርጋለሁ አሁን?

የካቲት 26

ገባች፣ ወጣች። "አልተሰማኝም እኮ!" ትላለች። አንድ ዓይኗ ታሽጓል፣ ነገ ይፈታል። መንገዱን ሁሉ ክንዴን ጨብጣኝ መጣች። ልክ እንደ ፎቶው አያያዟ።

የካቲት 27

ነርሷ ፋሻውን አነሳችው። እትዬ ዓይኗን አርገበገበች። መስኮቱን አየች። "ሰማዩ እንዲህ ነበር እንዴ?" ከዚያ ወደኔ ዞረች። ረጅም ጊዜ አየችኝ።

"ወይኔ ሙሽሪት! ማን አስረጀሽ?"

ነርሷም ሳቀች። እኔ አለቀስኩ፣ ለሷ መሰላት።

ቤት እንደገባን ቀጥ ብላ ወደ ግድግዳው ሄደች። ፎቶውን፣ የታጠፈውን ዘርግቼ፣ ሰፋ ባለ ፍሬም ሰቅዬዋለሁ። ሌላ ምን ማድረግ ይቻል ነበር?

ቆመች። ቀረበች። ራቀች። ዓይኗን በእጇ ሸፍና ገለጠች።

"ይቺ እኔ ነኝ።"

"አንቺ ነሽ እትዬ።"

"ቢጫ ቀሚሴ።" ጣቷን ወደ ነጩ ወሰደች። "ዓይኔ ነው ወይስ..."

"ዓይንሽ አይደለም። መብራት በላው።"

"የቤት መብራት?"

"የስቱዲዮ። ድራማው ላይ ነው የኖረው። የእማማ ሟች ባል... እሱ ነው። ስትታጠፊ አንቺ ተረፍሽ።"

"እኔን ማን አጠፈኝ?"

"እኔ።"

ቀስ ብላ ስታስብ ይታየኛል። "ታዲያ እዚህ... ስምንት ዓመት ደህና አደርክ የምለው ማንን ነው?"

"መርከብ ነበር።"

"መርከብ?"

"የመርከብ ሥዕል።"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አልጋዋ ላይ ወጥታ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ምሳም አልበላችም። እንዴት እንደሰጠሁት፣ መቼ እንደሰጠሁት አልጠየቀችም። እኔም አልነገርኳትም። አሁንም ፈሪ ነኝ።

የካቲት 30

ሦስተኛ ቀኗ፣ አታናግረኝም። ግን ታየኛለች። ስሄድ ስመጣ ዓይኗ ይከተለኛል።

ስቱዲዮ ውስጥ ጉድ ፈላ። የሚመለስ ፎቶ የለኝም። አዘጋጁ መርከቡን አይቶ "ይሄ ምንድነው? ማነው?" እያለ ዞረ። "እኔ ነኝ፣ ፎቶው ጠፍቷል፣ ነጭ ሆኗል" አልኩ። አናጢው "አባትየው መርከብ ተሳፍሮ ሄዷላ!" አለ። ማንም አልሳቀም። "ከዚህ ሳምንት በኋላ እንነጋገራለን" አለኝ አዘጋጁ። ይህ አነጋገር ጽሑፋችን ውስጥም አለ። ከሱ ቀጥሎ ሁሌም "ውጣ!" ነው የሚመጣው።

መጋቢት 2

እትዬ ሳልጠራት መጥታ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። እኔ በሩ ጋ ቆምኩ። ልጥፋው? መብራት ቆጣሪውን ላውርደው? አስቤው ነበር፣ አልዋሽም።

ጠያቂዋ ተቀባብታ ወጣች። ደረጃውን አሳየች፣ የማይወርደውን ልጅ ቀለደችበት። ከዚያ... "ከሃያ አምስት ዓመት በፊት፣ የመጀመሪያው ክፍል።"

ሳሎኑ። እማማ ገና ልጅ። "በወጣትነቱ የተቀጠፈብኝ" አለች፣ ካሜራው ከትከሻዋ በላይ እየወጣ፣ እየወጣ፣ ግድግዳው ላይ...

እሱ።

ሳሙና የለም። ጭጋግ የለም። ቅንድቡ፣ ግንባሩ፣ ጥርሱን ለመደበቅ ግጥም ያደረጋት ከንፈሩ። ከነጥቁር ሪባኑ፣ መስኮቱን ሞልቶ አየን።

"አቁሚው!" ብላ እትዬ ተነሳች። "ሙሽሪት፣ አቁሚው! እንዳይሄድ!"

"አይቆምም እትዬ፣ ሥርጭት ነው..."

መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። ፊቱ ጣቶቿ መሃል አለፈ። እማማ ተመልሳ መጣች።

"እኚህ ሟች" አለች ጠያቂዋ፣ "የዕቃ ቤት ኃላፊዋ የምር አጎት ናቸው።"

እትዬ እጇን ሳታነሳ ዞረች። "አጎትሽ?"

"እንደዚያ ብዬ ነው የሰጠኋቸው።"

"ከሃያ አምስት ዓመት በፊት..." ከንፈሯ ሲቆጥር አየሁት። "እሱ ያኔ አልሞተም።"

"አልሞተም።"

"ሞቷል አልሻቸው?"

"አልኳቸው።"

ተቀመጠች። ድራማው አለቀ፣ የሠራተኛ ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ሁለታችንም የማይቆመውን እያየን ነበር።

መጋቢት 3

ጠዋት ስነሳ እትዬ ሻንጣዋን በሩ መሃል አስቀምጣ፣ ለብሳ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ወዴት ልትሄድ? ከኔ ሌላ ማንም የላትም። እኔስ?

ፊቷ ቆምኩ። ስንት ጊዜ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፣ አንዱም አልመጣም።

"እሱ ያውቅ ነበር?" አለችኝ።

"አይቶታል። ጎረቤት ቤት።"

"ምን አለ?"

ቃሉ እዚሁ ምላሴ ላይ ነበር። መናገር አቃተኝ። "ሳቀ" አልኳት።

"ሳቀ? እንዴት አድርጎ?"

አፌን በመዳፌ ሸፈንኩ። እንደሱ። ሳላስበው ነው።

እትዬ አየችኝ። "ጥርሱን እኔ ነኝ የሰበርኩት" አለች። "ልጆች ሆነን። በር ዘጋሁበት። ይኸው እስኪሞት አፉን ሸፍኖ ሳቀ። እኔ ለማን ነገርኩ?"

መዳፌን ከአፌ አወረድኩ።

"ይቅር አላልኩሽም" አለች። "እንዳይመስልሽ። ግን ሻንጣውን ከመንገድ አንሺው። አሁን የማይ ሰው ነኝ፣ አደናቀፈኝ ብል ማን ያዝንልኛል?"

መጋቢት 24

ከሥራ አልወጣሁም። ሕዝብ አዳነኝ። "ሟቹ የት ሄደ?" ብሎ ስልኩን ሲያጨናንቀው ደራሲው በአንድ ቀን ጻፈላት፤ እማማ ተነስታ መርከቡን ታያለች፣ "ሃያ አምስት ዓመት አቁሜ አየሁት፤ ይሂድ፣ ይረፍ" ትላለች። ካሜራማኑ እንኳ ዓይኑን ጠረገ። ሪባኑን ራሴ ፈታሁት።

ለጠያቂዋ እውነቱን ነገርኳት። አልቀዳችኝም፣ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው። በሳምንቱ ከካሴቱ አንዲቷን ምስል አሳትማ አመጣችልኝ። አሁን ቤታችን ግድግዳ ላይ እሱ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ የእማማ ትከሻ ደብዝዞ ገብቷል።

"ይቺን ትከሻ ብታነሳልን ምናለበት" ትላለች እትዬ በየጠዋቱ። ከዚያ "ደህና አደርክ ወይ" ትለዋለች። ለሱ። ጎኑ ቢጫ ቀሚስ የለበሰችው ልጅ አለች፣ ጉም ክንድ ይዛ። እንዲቆረጥ አልፈለገችም።

የምትናደድባቸው ቀኖች አሉ። ትናንት ስታየኝ ቆይታ "ሙሽሪት" ሳትለኝ በስሜ ጠራችኝ። ክው አልኩ። ዛሬ ጠዋት ግን ሙሽሪት ሆኛለሁ። ነገ አላውቅም። ሲጨንቀኝ የማድርበት ሌሊት አለ፣ ግን ዓይኗን አይቼ ነው የማወራት።

ባለፈው ድራማው ሲያልቅ ስሞቹ ሲወጡ "ያንቺ የቱ ነው?" አለችኝ። አሳየኋት። ሳትይዘው አለፈ። "በቃ፣ አስተምሪኝ" አለች። እኔ እንደተማርኩት ከጽሑፉ ልጀምርላት ስል ተቆጣች። "እንዳንቺ በሌብነት አይደለም! ከሀ ጀምሪልኝ።"

ጀመርን። ቁርስ እንደበላን፣ መስኮቱ ሥር። ጣቷን እያሄደች። ዛሬ ነ ላይ ደርሰናል፣ "ነገር" የሚለውን ልታነብ ፈልጋ ገ አስቸገራት። "ይሄ ማነው?" "ገ ነው፣ ገና ነው" አልኳት። "ይምጣ፣ እጠብቀዋለሁ" አለች።

ገ ሲመጣ ይህን ደብተር እሰጣታለሁ። የካቲት 14ን ከፍታ ያቺን በገ የምትጀምር የሱን ቃል ራሷ ታንብባት። በኔ አፍ አልደግማትም፤ በኔ አፍ የወጣው ይበቃል። በራሷ ጣት እየተከተለች፣ በሱ ሳቅ ታንብባት። ደብተሩ የእትዬ ነው።